ለውሻ የሚሆን በረዶ፦ ኮንግ፣ የሲሊኮን ቅርጽ ወይስ ባዶ የእርጎ ስኒ?

በሙቀት ጊዜ ለውሻ የሚላስ በረዶ ለማርጋት ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ዕቃ አንድ ብቻ ነው፦ ኮንግ የሚባለው ሆዱ ባዶ የሆነ ቀይ ላስቲክ። የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫው ደህና ነው፣ ባይኖርም አይጎድልም። የሚላሰው ምንጣፍ፣ ማለትም ምግብ የሚቀባበት ጎድጓዳ ጎድጓዳ ያለው ሲሊኮን፣ ፊታቸው ጠፍጣፋ ለሆኑ ውሾች ጥሩ ነው፣ ለሌላው ቅንጦት። አራተኛው ባዶ የእርጎ ስኒ ነው፤ ዋጋው ምንም፣ ሥራው ግን ለትልልቅ ውሾች ከሲሊኮኑ ይበልጣል። ድሬዳዋም ሆነ ዱባይ፣ ዳላስም ሆነ ቴል አቪቭ፣ ሙቀቱ ሲገባ ሰው ቶሎ የሚገዛው የአጥንት ቅርጽ ያለውን ባለቀለም ሲሊኮን ነው። ፎቶ ላይ ያምራል። ውሻው ግን ስለ ቅርጹ ግድ የለውም፤ ሽታው ይስበዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጣዕሙና ጥንካሬው ነው።

ዕቃዎቹ የሚበላለጡትም በዚህ ጥንካሬ ላይ ነው። ንጹህ ውሃ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ውስጥ ሲያድር ድንጋይ ይሆናል። እንዲህ ያለውን በረዶ መቆርጠም የለመደ ውሻ ከላይ በጎን በኩል ያለውን ትልቁን የመቁረጫ ጥርሱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ይህ ጥርስ ሦስት ሥር ስላለው ማስነቀሉ ቀላል ሥራ አይደለም። መለኪያው ጥፍር ነው። በረዶውን ከፍሪዘር አውጡና 5 ደቂቃ ካቆያችሁት በኋላ በአውራ ጣት ጥፍር ተጫኑት። ምልክት ካስቀረ ይሰጠዋል። ጥፍሩ ከተንሸራተተ ገና ነው፣ ወይም ሲሠራ ውሃው በዝቶበታል። በእርጎ፣ በሙዝና በተፈጨ ዱባ ውስጥ ያለው ስኳር፣ ስብና ቃጫ የበረዶው ቅንጣቶች እንዳይያያዙ ስለሚያደርግ እንዲህ ያለው በረዶ በምላስ ይሟሟል። ስቡ የተገፈፈ መረቅ ግን ከውሃ ብዙም አይለይም።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር፦ ውሻ እንደ ሰው አያልበውም። ከመዳፉ ሥር ጥቂት ላብ ይወጣዋል እንጂ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። አንድ ስኒ በረዶ የሰውነቱን ሙቀት እምብዛም አይቀንሰውም። የሚጠቅመው ውሃ ስለሚያስጠጣውና ለግማሽ ሰዓት ያህል ጥላ ሥር ስለሚያስተኛው ነው። ስለዚህ እዚህ ዕቃዎቹ የተመዘኑት ውሻውን ስንት ደቂቃ እንደሚያቆዩት፣ ሲያልቅ ምን ያህል ለማጠብ እንደሚያስቸግሩ፣ ውሻው ዕቃውን ራሱን ቢበላው ምን እንደሚከተል በማየት ነው።

ኮንግ

ኮንግን በ1976 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የጀመረው ጆ ማርካም የሚባል ሰው ነው። ፍሪትዝ የተባለው ጀርመን ሸፐርዱ ድንጋይ እያኘከ ጥርሱን ሲጨርስ፣ ከፎልክስዋገን መኪና የተፈታ አንድ የላስቲክ ዕቃ አግኝቶ አልለቅም ሲል አየ፤ ቅርጹም ከዚያ መጣ። ሦስት ኳስ የተደራረበ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሲወረወር ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም፤ ለእኛ ጉዳይ ግን የሚፈለገው ሆዱ ነው።

በአንዱ ጫፍ ሰፊ፣ በሌላው ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ትንሿ ቀዳዳ ለጌጥ የተሠራች እንዳትመስላችሁ። ውሻው ምላሱን አስገብቶ ሲስብ አየር የሚገባው በእሷ ነው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ርካሽ አስመሳይ ምላስን ስቦ ሊይዝ፣ ሊያሳብጥም ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ማንም ቢሰጣችሁ እንኳ አትጠቀሙበት።

ቀዩ ለተራ አኛኪ ነው። ጥቁሩ ጠንካራ መንጋጋ ላለው፣ ሮዝና ሰማያዊው ለቡችላ፣ ወይን ጠጁ ለሸመገለ ውሻ ይሆናል። በመጠን ደግሞ ትንሹ እስከ 9 ኪሎ፣ መካከለኛው ከ7 እስከ 16፣ ትልቁ ከ13 እስከ 30፣ ከሱ የሚበልጠው ከ27 እስከ 41 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ነው። በሁለት መጠን መካከል ከወደቀ ትልቁን ውሰዱ፤ ትንሹ ጉሮሮ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እንደ መጠኑ ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ያወጣል። ለአንድ ላስቲክ ብዙ ይመስላል፣ ግን ዓመታት ያገለግላል።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው አሞላሉን ነው። መረቅ ወይም ውሃ የመሰለ እርጎ እስከ አፉ ሞልቶ ሲያረጋው ውስጡ አንድ ወጥ ግንድ ይሆናል። ውሻው ሁለት ሦስቴ ልሶ፣ ምንም አልወጣለት ሲል ትቶት ይሄዳል። ባለቤቱም «የእኔ ውሻ አይወድም» ይላል። የማይወደውን ነገር አላገኘም፣ የሚደርስበትን ነው ያጣው።

አሞላሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ትንሿን ቀዳዳ በጣት ይዛችሁ ኮንጉን በውሃ ሙሉና በመለኪያ ስኒ ገልብጣችሁ ስንት እንደሚይዝ እወቁ። ከዚያ ትንሿን ቀዳዳ በተቀቀለ ካሮት ቁራጭ ድፈኑና ሰፊውን አፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ ብርጭቆ ውስጥ አቁሙት። አንድ ስትሮ ከላይ አስገብታችሁ በካሮቱ በኩል ወደ ትንሿ ቀዳዳ አሳልፉ። የታችኛውን ሢሶ ከዕለት ምግቡ ላይ በተቀነሰ ደረቅ የውሻ ምግብ ሙሉት፤ ምግቡ ቀድሞ ለ15 ደቂቃ በሞቀ ውሃ ርሶ የለሰለሰ ይሁን። መካከሉን ሁለት እጅ እርጎና አንድ እጅ የተቀቀለ ዱባ በመቀላቀል ሙሉ። ከላይ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ባዶ ተዉና ጫፉ ብቅ ያለ ሥጋ ወይም ካሮት ሰኩበት። ወዲያው የሚያገኘው ነገር ካለ ውሻው ሥራውን ይጀምራል። አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ላስቲኩን ለአንድ ደቂቃ በእጃችሁ አሙቁትና ስትሮውን ሳቡት። አየሩም ምላሱም የሚሄድበት መንገድ ይቀራል። ስትሮውን አውጥታችሁ መጣላችሁን እርግጠኛ ሁኑ።

ለጀማሪ ውሻ የመጀመሪያው ቀን ኮንግ አይረጋም፣ እንዳለ ይሰጣል። በማግስቱ ፍሪጅ ውስጥ የቀዘቀዘ ብቻ፣ በሦስተኛው ቀን ለሁለት ሰዓት ያህል ፍሪዘር የገባ፣ ከዚያ ያደረ።

ድክመቱ እጥበቱ ነው። እርጎ በሁለተኛውና በሦስተኛው ኳስ መካከል ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፣ በሙቀትም በአንድ ቀን ይሸታል። ወዲያው ሙቅ ውሃና ሳሙና ውስጥ ነክሩት፤ የጡጦ ብሩሽ ከሁሉም ይሻላል። በዕቃ ማጠቢያ ማሽን የላይኛው መደርደሪያም ይታጠባል፣ አፉ ወደ ታች ከሆነ ማለት ነው። በሳምንት አንዴ ጠርዙን አጠፍ አድርጋችሁ እዩት፤ ፍንጭት ከታየ ወይም ቁራጭ ከጎደለ አስወግዱት።

የሚሞላው ነገር

አገር ቤት ላለ ሰው ከሁሉም የሚቀለው አጓት ነው። አይብ ሲወጣ የሚተርፈውን ውሻ ድሮም ያውቀዋል። ጤና አዳም፣ ኮሰረት ወይም ሌላ ቅመም ያልገባበት መሆን አለበት። ብቻውን ከረጋ ግን ጠንካራ በረዶ ስለሚሆን ጄላቲን፣ ማለትም ፈሳሽን የሚያወፍርና የሚያረጋ ዱቄት ይፈልጋል። ለግማሽ ሊትር አጓት 7 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ ዱቄት ጄላቲን ይበቃል። ጄላቲኑን በ4 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ አጓት ላይ በትናችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ አብጦ ስፖንጅ ይመስላል። የቀረውን አጓት እንፋሎት እስኪያወጣ አሙቁ፣ ሳይፈላ አውርዱና ጄላቲኑን እያማሰላችሁ አሟሙበት። ጄላቲን በቀዝቃዛ ሳይነከር በቀጥታ ሙቅ ላይ ከተበተነ ይጓጉላል፤ ጉብጉቡ ደግሞ በኋላ አይሟሟም። ሌላም ጥቅም አለው፦ በረዶው ሲቀልጥ እንደ ውሃ አይፈስም፣ ረግቶ ስለሚቆይ ምንጣፍ አያበላሽም። ጄላቲን ከከብትም ከአሳማም ስለሚሠራ ለቤታችሁ የሚያሳስብ ከሆነ ማሸጊያውን አንብቡ።

አንድ ወጥመድ አለ። እሳት ያልነካው ፓፓያ ወይም አናናስ ከጄላቲን ጋር ከተቀላቀለ አይረጋም፤ በፍሬዎቹ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ይበትነዋል። ሰው ጄላቲኑ ያነሰ መስሎት ሌላ ይጨምራል፣ ያም አይረጋም። ፍሬውን ለ5 ደቂቃ ያህል አፍልታችሁ ካቀዘቀዛችሁት በኋላ ብትጨምሩት ችግሩ ያልቃል። ሐብሐብና ሙዝ ይህ ችግር የለባቸውም፤ የሐብሐቡን ዘርና ልጣጭ ግን አውጡ።

አጓትም እርጎም የወተት ስኳር አለባቸው፣ የማይስማማው ውሻ ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሰጥታችሁ እስከ ማግስቱ ሰገራውን ተመልከቱ። ከላላ ወደ መረቅ ተሸጋገሩ።

ለመረቁ አንድ ኪሎ የጉልበት ወይም የእግር አጥንት በ3 ሊትር ውሃ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ምንም፣ በለዘዘ እሳት 2 ሰዓት ይቀቀላል። በወንፊት ይጠለልና ፍሪጅ ያድራል። ጠዋት ላይ ስቡ እንደ ክዳን ሆኖ ከላይ ስለሚቀመጥ በማንኪያ ተነስቶ ይጣላል፤ ስብ የበዛበት ነገር የውሻን ቆሽት ያሳምማል፣ ሕመሙም ከባድ ነው። ከስቡ ሥር ያለው መረቅ ማንኪያ ሲነካው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጄላቲን መጨመር አያስፈልግም፣ አጥንቱ ራሱ ሰጥቶታል። ውሃ ሆኖ ከቀረ እኩል በእኩል ከተፈጨ ዱባ ጋር አዋሕዱት። የተቀቀለውን አጥንት ለውሻው አትስጡ፤ ሲሰበር ስለታም ስንጥር ይሆናል።

እዚህ ላይ የእኛ ቤት ችግር ይመጣል። «ቅቅል ተርፏል፣ መረቁን ላርጋለት» ማለት የተለመደ ነው፤ ቅቅል ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ መቀቀልም ማድረቅም መርዙን አያጠፋም። ለሽንኩርት ጉዳት የሚነገረው መጠን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ15 ግራም ጀምሮ ነው። ለ10 ኪሎ ውሻ 150 ግራም ማለት ነው፣ ይህም ከአንድ ትልቅ ራስ ሽንኩርት አይበልጥም። በየቀኑ በጥቂቱ ሲሰጥም ይጠራቀማል። ምልክቱ ደግሞ ወዲያው አይታይም፤ ከቀናት በኋላ ድድ መንጣት፣ መድከም፣ ሽንቱ መጥቆር ይመጣል፣ ያን ጊዜ መረቁን የሚያስታውሰው የለም። የወጥ ቁሌት፣ ንጥር ቅቤ፣ ሽሮ ዱቄት፣ ከሱቅ የሚገዛ የመረቅ ኩብ፣ ሁሉም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ናቸው።

ወይንና ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ ቡና፣ አቮካዶም አይገቡም። የኦቾሎኒ ቅቤ ይገባል፣ በሁለት ቅድመ ሁኔታ። ውጭ አገር የምትኖሩ ማሸጊያው ላይ ዛይሊቶል ወይም የበርች ስኳር የሚል (በስኳር ፈንታ የሚገባ ማጣፈጫ ነው) ካለ መልሱት፤ ዛይሊቶል በትንሽ መጠን የውሻን የደም ስኳር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያወርዳል። ሁለተኛው ካሎሪው ነው። ጣፋጭ ነገር ከዕለት ምግቡ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ይመከራል። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 600 ካሎሪ ገደማ ቢበላ ለጣፋጭ የሚተርፈው 60 ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ ብቻውን 95 ገደማ አለው። 100 ግራም የተቀቀለ ዱባ ግን 20 ካሎሪ ነው። ዱባ ደጋግመን የምናነሳው ለዚህ ነው።

የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ

ለትንንሽ ውሾችና ለቡችላ ይሆናል። ከመግዛታችሁ በፊት ጠርዙን በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ጠምዝዙት፤ ነጭ መስመር ካሳየ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። የአጥንት ቅርጽ ያለው ወገቡ ቀጭን ስለሆነ ሲወጣ ይሰበራል፣ ስብራቱም ሹል ይሆናል። ክቡ ወይም ግማሽ ኳሱ ይሻላል። ሲሊኮን ስለሚልፈሰፈስ ከመሙላታችሁ በፊት ጠፍጣፋ ትሪ ላይ አስቀምጡት፤ ሞልቶ ከዚያ ማንሳት ማለት ወለሉን መወልወል ማለት ነው። መረቅ ከተሞላበት የፍሪዘሩን ሽታ ሁሉ ይስባል። ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ማሳደር ሽታውን ይቀንሰዋል።

ዋናው ጉድለቱ ግን መጠኑ ነው። ላብራዶር ለመሳሰለ ሳያኝክ ለሚውጥ ውሻ የሲሊኮኑ ኩብ አንድ ጉርሻ ነው። ሦስት ሴኮንድ አያቆየውም፣ ሊያንቀውም ይችላል።

የእርጎ ስኒ

ለእንዲህ ያለው ውሻ ከአፉ የሚበልጥ በረዶ ያስፈልጋል። የታጠበ የእርጎ ስኒ ወይም የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ዕቃ ውሰዱና ሁለት ጣት ያህል አጉድላችሁ ሙሉት፤ ውሃ ሲረጋ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ እስከ አፉ የሞላ ስኒ ይሰነጠቃል። ብርጭቆ ወይም የጃም ጠርሙስ አይሆንም። የእንጨት ዱላ አትሰኩበት፤ ውሻው ዱላውንም ይውጠዋል። መያዣ ከፈለጋችሁ ረጅም ካሮት ይሁን። ለማውጣት ስኒውን ለ20 ሴኮንድ ያህል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩና ገልብጡ። ስኒውን እንዳለ መስጠት አይሆንም፣ ጠርዙን ቆርጥሞ ይበላዋል።

ግቢ ለሚጠብቅ ውሻ የአንድ ሊትር ብሎክ ይበጃል። ውሃና መረቅ እኩል ቀላቅላችሁ፣ ካሮትና የሐብሐብ ቁራጭ ጨምራችሁ፣ በሁለት ቀን አርጉት። መጀመሪያ ግማሹን፣ ሲረጋ ቀሪውን። አንድ ጊዜ ከተሞላ ካሮቱ ሁሉ ይንሳፈፍና ከላይ ይሰበሰባል፤ ውሻው እሱን ለቅሞ ባዶውን በረዶ ትቶት ይሄዳል። ይህ ብሎክ ከሌሎቹ ስለሚጠነክር ጎድጎድ ባለ ሳህን ውስጥ ጥላ ላይ 10 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ለቆርጣሚ ውሻም አይሰጥ። ሳህኑን ራሱን ውሃ ባለበት ሰፋ ያለ ትሪ መካከል ብታኖሩት ጉንዳን አይደርስበትም። ሁለት ውሾች ካሉ ሁለት ብሎክ፣ በሁለት ጥግ።

የሚላሰው ምንጣፍ

ፐግ፣ ቡልዶግና መሰሎቻቸው አፍንጫቸው አጭር ስለሆነ ከኮንግ ሆድ ውስጥ ማውጣት ይቸገራሉ፤ ሙቀት የሚጎዳውም ከሁሉ በላይ እነሱን ነው። ለእነሱ ምንጣፉ ትክክለኛው ዕቃ ነው። እርጎና ዱባውን ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ቀቡት፣ አንድ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አኑሩት። ወፍራም ከሆነ ከጎድጓዶቹ ተላቆ እንደ ሳህን ይነሳል። ከሥሩ መምጠጫ ያለው ወለል ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ ይመረጣል። ልሶ እንደጨረሰ ወዲያው አንሱት፤ የሚላስ ሲያልቅ የሚቀጥለው ምንጣፉን ማኘክ ነው፣ የተዋጠ ሲሊኮን ደግሞ አንጀት ይዘጋል።

አቀማመጥና መብራት

የረጋው ከቅርጹ ወጥቶ ዚፕ ባለው ፌስታል፣ ቀኑ ተጽፎበት ቢቀመጥ ሁለት ወር ጥሩ ሆኖ ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን አትክፈቱት፤ የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከቀለጠ በኋላ የረጋ በረዶ እንዴት ይታወቃል ቢባል፣ አንድ ትንሽ ስኒ ውሃ አርጉና ሳንቲም ከላይ አኑሩበት። ሳንቲሙ ሰምጦ ካገኛችሁት ሁሉም ቀልጦ ነበር፣ የወተቱንና የመረቁን ድፉት።

ለውሻው የተሰጠ በረዶ ሳያልቅ በሙቀት አንድ ሰዓት ከቆየ ይነሳ። ከጎኑም ሁልጊዜ ተራ ውሃ ይኑር። ምራቁ የወፈረ፣ ድዱ የጠቆረ ቀይ የሆነ፣ የሚንገዳገድ ወይም የሚያስመልስ ውሻ ግን በረዶ የሚሰጠው ሰዓት አልፏል። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ መላ አካሉን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት፣ እያቀዘቀዛችሁም ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ራሱን ከሳተ ምንም ነገር በአፉ አታስገቡ።